በአንድ ሽቦ የሚበራው ቤት

ቁጡ መሆኔን አልክድም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው «ይህቺ ሴትዮ ደግሞ ስንት ዓመት ባለፈው ነገር ምን ያንጨረጭራታል?» ቢል አልቀየመውም። እናቴን ሊገድላት የነበረው ኤሌክትሪክ ነው ይላሉ። እኔ ይሉኝታ ነው እላለሁ። ሁለቱም ባይታዩም አንዱን ቢያንስ ፊውዝ ነቅሎ ማጥፋት ይቻላል።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወለጋ ተወልዶ፣ በነቀምትና በአሶሳ መካከል ጭቃና አቧራ ሲጋልብ ሽበት ያወጣ ሰው ነው። በዚያ መንገድ ላይ መኪናህ ቢቆም ጋራዥ የለም፤ ሾፌሩ ራሱ መኪናው ሥር ገብቶ፣ አስሮ፣ በጥሶ፣ ቀጥሎ ይነሣል። አባቴም በዚህ ይኮራ ነበር። ያልፈታሁት ሞተር የለም ይላል። ሚስቱ ምን እንደምትል ጠይቆ አያውቅም።

ቤታችን አሶሳ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ የገዛው የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ምስጥ በየዓመቱ የሚሞክረው። የከተማው መብራት ወደ እኛ ሰፈር ሳይደርስ ገና፣ አባቴ ያረጀ የመኪና ባትሪ አልጋ ሥር አስቀምጦ ቤቱን በትንንሽ አምፖሎች አበራው። ሽቦውን የዘረጋው ግን መኪና ላይ በሚያውቀው መንገድ ነው። መኪና ውስጥ ወደ መብራቱ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ መካኒኮች ማሳ ይሉታል። አባቴም ለእያንዳንዱ አምፖል አንድ ሽቦ ሰጠና መመለሻውን ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አሰረው። ሽቦ ቆጠበ፤ ቤቱም በራ። ጎረቤት እየመጣ «ጉድ ነው!» ብሎ ሄደ። ባትሪ ማንንም አይነካም፤ እስከዚህ ድረስ እኔም አልቆጣም።

የምቆጣው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ምሰሶው ደጃችን ደርሶ የከተማው መስመር ሲገባልን፣ አባቴ ባትሪውን አውጥቶ ያንኑ ሽቦ ከቆጣሪው ጋር አገናኘው። የለወጠው አምፖሎቹን ብቻ ነው። ቤታችን መኪና ሆኖ ቀረ።

በዚያን ጊዜ መብራት የሚመጣው ማታ ማታ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው። እናቴ በዚያ ሰዓት እቤት ውስጥ ስለሆነች ክዳኑን የሚነካ ሰው አልነበረም። ኋላ ክልል ሆንን። አሶሳ ዋና ከተማ ተባለች፤ ወንበርና ጠረጴዛ የጫነ መኪና በየቀኑ ይገባ ጀመር፤ ትናንት እህል መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ሆነ። ከመተከል የመጣው፣ ከቶንጎ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ቤት ይፈልጋል። እኔም ታይፕ መምታት ስለምችል ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለቢሮዎቹ ሲባል መብራቱ ቀንም ይመጣ ጀመር፤ ምሰሶዎቹ ላይ አዲስ መስመር ተዘረጋ፤ የድሮውም ሽቦ ተፈትቶ እንደገና ታሰረ። ደስ አለን። ደስ ያለን ጊዜ ነው ቤቱ መናከስ የጀመረው።

አሶሳ ዝናቡ ከጀመረ መቆሚያ የለውም፤ በበጋ ግን የውሃ ነገር መከራ ነው። ስለዚህ እናቴ የዝናብ ውሃ አታባክንም። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ በቆርቆሮ የተሠራ አሸንዳ አለ፤ ከአሸንዳው ጫፍ ሥር የብረት በርሜል። ደመና ባየች ቁጥር በባዶ እግሯ ወጥታ አሸንዳውን ወደ በርሜሉ ታቃናዋለች። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ አሸንዳውን በእጇ ሳይሆን በእንጨት ስትገፋው አገኘኋት።

«ምነው በእንጨት?»

«ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል» አለች፤ ስለ ቁንጫ የምታወራ ነው የምትመስለው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰነበተ። ምን ይደረጋል፣ ዝም አይነቅዝም።»

ይህን ተረት የፈጠረውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። ዝም የማይነቅዝ ከሆነ ዝም ያለው ሰው ይነቅዛል ማለት ነው። ጫማዬን በሩ ላይ እንዳወለቅኩ ሮጬ ሄጄ አሸንዳውን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። ሳቀ። ወጣ፣ አሸንዳውን ጨበጠ፣ እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገው። ምንም አልሆነም።

«ይኸው፤ አይነካም። እኔን ያልነካ እናንተን ለምን ይነካል? እናትሽ የፈራች ሰው ናት፤ አንቺም ከእሷ ተማርሽ።»

እናቴ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ቆሽቴ አረረ። ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አልነካውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ በራሴ ደመወዝ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልቀጥር ተነሣሁ። በከተማው ጥሩ ይሠራል የተባለው ከሆሞሻ በኩል የመጣ የበርታ ሰው ነበር፤ በችግሩ ዘመን ድንበር ተሻግሮ ደማዚን ቆይቶ ሙያውን እዚያ ነው የተማረው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ካቻቢቴውን ከኪሱ ሲያወጣ ለስላሳ እጅ ያለው ሰው ነው። ገበያ አጠገብ አገኘሁትና ሁሉን ነገርኩት። «የድሮው ሽቦ በሙሉ ይውጣ። አንድም እንዳይቀር። ክረምቱ ከመክፋቱ በፊት። እናቴ በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው» አልኩት።

«ችግር የለም እህቴ። ሁሉ አወጣ፣ ሁሉ አዲስ አደርጋለሁ» አለ።

ቅዳሜ መጣ። አባቴ ባለሙያ መቀጠሬን ሲሰማ ፊቱን አኮሳትሮ ነበር፤ ሰውዬው በር ላይ ቆሞ «አሰላሙ አለይኩም» ሲል ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሠራተኛው አባቴን አየ፣ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«አባ! አንተ ነህ? የቀይ መኪና ሾፌር? ወላሂ አንተ ነህ!»

ለካስ ድሮ፣ ይህ ሰው ልጅ እያለ፣ እናቱ ምጥ ይዟት መንገድ ዳር ስትጨነቅ አባቴ ነው አሳፍሮ ሐኪም ቤት ያደረሳት። ጭነቱን አውርዶ ሴትዮዋን አስተኛት፤ ሳንቲም አልተቀበለም። ሰውዬው ይህን ሲተርክ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባቴም አንገቱን ቀና አደረገ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሥራዬ እንደተበላሸ ግን ያን ጊዜውኑ ገባኝ።

አባቴ በርጩማ አወጣና ከሠራተኛው አጠገብ ተቀመጠ። ሰውዬው የቀርከሃ መሰላሉን ደገፈ፤ ወጣ፤ ኮርኒሱን ገልጦ አየ። ብዙ ቆየ። ከወረደ በኋላ ከኪሱ ቴስተሩን አወጣ፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ሲነካ እጀታው ውስጥ ቀይ መብራት የሚበራ ካቻቢቴ ነው። አሸንዳውን ነካበት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀይ መብራቷ ፏ ብላ በራች። አየኋት፤ እሱም አያት፤ አውራ ጣቱን ደረበባት።

«እህ?» አለ አባቴ። «ምን አለው?»

«ደህና ነው፣ አባ። ጥሩ ሥራ ነው።»

«አላልኩሽም?» ብሎ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ፤ ጮህኩም። «መብራቱ በርቷል! አይቻለሁ!» አልኩ። አባቴ በሰው ፊት እንዳላዋርደው ገሰጸኝ፤ ሠራተኛው መሬት መሬት አየ፤ እናቴ ከጓዳ ወጥታ ክንዴን ይዛ «ተይ፣ እንግዳ ፊት» አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፤ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ፤ አዲስ ነጭ ሽቦ በግድግዳው ላይ በሚስማር ቀጥ አድርጎ መታ፤ ሲያዩት ያምራል። ከላይ ግን፣ ኮርኒሱ ውስጥ፣ አዲሱን ሽቦ ከአባቴ ቆርቆሮ ጋር መልሶ አሰረው። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ሲሄድ ለሁለት ሽቦ ብሎ ያመጣው ጥቅል ግማሹ ሳይነካ ክንዱ ላይ ነበር።

አጥሩ ጋ ተከትዬ ደረስኩበት።

«ሁለት ሽቦ ነው የሚያስፈልገው። አንዱን ብቻ ነው የዘረጋኸው። ለምን ዋሸህ?»

ወደ ኋላው አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ይህ ቤት መኪና ነው የሆነ። አንድ ሽቦ ይሄዳል፣ ቆርቆሮ ይመልሳል። ምሰሶ ላይ ሽቦ ቦታ ተቀይሯል፣ እሳት የሚያመጣው ሽቦ ቆርቆሮ ላይ ገባ፣ አሁን ቆርቆሮ ሁሉ እሳት ነው።»

«ታዲያ አባቴን ለምን አይነካውም?»

«እግሩን እይ።»

አባቴ የሚያደርገው በረባሶ ነው፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ። ሌላ ጫማ አድርጎ አያውቅም፤ ግቢ ውስጥ ቢወጣ፣ ሽንት ቤት ቢሄድ፣ ጎማው ከእግሩ አይለይም። እናቴ ደግሞ ግቢዋ ውስጥ ጫማ አድርጋ አታውቅም።

«ጎማ ነው። ጎማ እሳት አያሳልፍም» አለ ሠራተኛው።

«ይህን ለምን ለእሱ አትነግረውም?»

«እንዴት እናገራለሁ? እናቴን ያዳነ ሰው ነው። ሚስቱ ፊት፣ ልጁ ፊት፣ ‹ሥራህ ሰው ይገድላል› እላለሁ? ዓይብ ነው፣ ነውር ነው። ሌላ ቀን፣ ብቻችን ስንሆን፣ ቀስ ብዬ እላለሁ።»

«ነገ ዝናብ ቢመጣስ?»

«ኢንሻላህ አይመጣም።»

እናቱን ያዳነለትን ሰው ላለማሳፈር የእኔን እናት አስይዞ ሄደ። ምን ምን እንዳልኩት አልጽፍም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ገንዘቤንም ልመልስ አለ፤ እኔ ገንዘብ አልጠየቅኩትም፣ ምላስ ነው የጠየቅኩት።

ገብቼ ለአባቴ ጎማውን፣ ቆርቆሮውን፣ ሁሉን ዘረገፍኩለት። «ባለሙያው ደህና ነው ብሏል። ደማዚን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነው። አንቺ ታይፕሽን ምቺ» አለኝ። ፊውዙን ነቀልኩት። መልሶ ተከለው። እንደገና ነቀልኩት። እንደገና ተከለውና ቁልፍ ያለው ሳጥን ሠራለት። እናቴን ለመንኳት፤ አሸንዳው አጠገብ አልደርስም ብላ ማለች። እሷ ስትምል ለእኔ ብላ ነው፤ ስታፈርስ ለውሃው ብላ ነው።

ዝናቡ የመጣው ሰኞ ነው፤ ከቢሮ ገና ገብቼ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ። መጀመሪያ ነፋሱ ማንጎውን አራገፈው፤ ከዚያ ሰማዩ ጠቆረና ከሩቅ አጉረመረመ። እናቴ ነፋሱ አሸንዳውን ከበርሜሉ ላይ እንዳዞረባት አይታ ወጣች። የእንጨቱ ነገር ትዝ አላላትም፤ ወይም ቸኩላለች። ጩኸት አልሰማሁም። የሰማሁት ጣሳ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው።

ስደርስ በጀርባዋ ጭቃው ውስጥ ወድቃለች። ዓይኗ ተገልጧል፤ አያይም። የቀኝ እጇ ጣቶች ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል፤ መዳፏ ላይ አሸንዳው የነካት ቦታ ነጭ ሆኗል። «እማዬ!» ብዬ ስጮህ ደረቷ ከፍ አለ፤ ሳለች። ከአባቴ ጋር ተሸክመን አስገባናት። እያለቀስኩ እንኳ ተቆጥቼ ነበር።

ጎረቤት በአንድ አፍታ ሞላ። «ምን ነካት? ምን ነካት?» ይላል ሰው። አባቴ አልጋው እግርጌ ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መብረቅ ነው» አለ።

«ተመስገን፣ ነፍሷን ተወላት!» አሉ ጎረቤቶቻችን። አንዷ አሮጊት መብረቅ ስለገደለው ዘመዳቸው ማውራት ጀመሩ። በዚህ መካከል ሠራተኛው ደረሰ፤ በዚህች ከተማ ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው የሚሄደው። በር ላይ ቆመ። እናቴን አየ፤ እጇን አየ። «አንተ ባለሙያ ነህ፣ ምን ትላለህ?» አሉት። ወደ አባቴ ቀና አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«መብረቅ ይሆናል» አለ።

እናቴም ከትራሷ ላይ፣ በዚያ በደከመ ድምፅ፣ «አዎ፣ መብረቅ ነው» አለች።

የእሷ ባሰብኝ። የሁሉንም እችል ነበር፤ የእሷን አልቻልኩም። ቱግ አልኩ።

«መብረቅ ከሆነ አሸንዳው ምንም የለውም ማለት ነው! አባዬ፣ ሂድና ያዘዋ!»

አባቴ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ወጣ። ሰዉም ተከተለው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አሸንዳውን በሙሉ እጁ ጨበጠው፤ ጨብጦም ቆመ።

«ይኸው!» አለ። ሰዉ «ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው፣ አባት እንዲህ አይባልም» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ጫማህን አውልቀህ ያዘው» አልኩት።

አባቴ ወደ እግሩ አየ። እኔን አየ፤ ጎረቤቱን አየ። እምቢ ቢል ተሸነፈ፤ እሺ ቢል ደግሞ... ያን ሰዓት ግን የሚያስበው ስለ መሸነፍ ብቻ ነው። አሸንዳውን ለቅቆ ጎንበስ አለና የአንዱን በረባሶ ማሰሪያ ፈታ። እግሩን አወጣ። ወደ ሁለተኛው እጁን ሰደደ። ያን ጊዜ ነው እልኼ ከላዬ ላይ ወርዶ ፍርሃት የያዘኝ። ምን እንዳልኩ ገባኝ።

«አታውልቅ!»

እናቴ ናት። ከአልጋዋ ተነሥታ፣ በሩን ተደግፋ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼላት በማላውቀው ድምፅ ነው የጮኸችው። ሠራተኛውም ያን ጊዜ ሮጦ የአባቴን ወገብ አቀፈ። «አትንካ! አባ፣ ትሞታለህ! ቆርቆሮው እሳት ነው! እኔ አውቃለሁ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ!»

ከዚያ በኋላ መብረቅ ያለ ሰው የለም። ጎረቤት አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ። አባቴ አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ጎማ ላይ እንዳለ ቆመ። ሠራተኛውን አልተቆጣውም፤ እኔንም አላየኝም። እናቴን ነው ያያት። «ታውቂ ነበር?» አላት። ገብቶ ቁልፉን እንኳ ሳይፈልግ ሳጥኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ፊውዙን ራሱ ነቀለው።

ያን ሳምንት ሠራተኛው የአባቴን ሽቦ በሙሉ አወጣው። ለእያንዳንዱ አምፖል ሁለት ሽቦ ዘረጋ፤ ከቆርቆሮው የሚነካ አንድም አልቀረም። አባቴ በርጩማ አላወጣም፤ ጓዳ ተቀምጦ የመዶሻውን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። እኔ ሠራተኛውን ውሃ እንኳ ሳልሰጠው እያንዳንዷን ቋጠሮ ቆሜ እንዲያሳየኝ አስገደድኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አላደረግኩለትም። እስከ ዛሬም አላደረግኩለትም። ሙያ ኖሮት አፍ የሌለው ሰው፣ ሙያ ከሌለው ይልቅ ያስፈራኛል፤ የሌለውን ማንም አምኖ አይቀጥረውም።

የመጨረሻው ቀን ሥራው አልቆ መብራቱ ሲለቀቅ ይዘንብ ነበር። ሠራተኛው አሸንዳውን በቴስተሩ ነካ፤ ቀይዋ አልበራችም፤ ይህን ጊዜ ለሁላችንም አሳየን። አባቴ በረባሶውን ደጃፉ ላይ አወለቀና ወደ ዝናቡ ወጣ። እግሩ ላይ ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ነጭ ነበር፤ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ጭቃው ውስጥ ቆመ። አሸንዳውን በሁለት እጁ ያዘው፤ ውሃው በሽበቱ ላይ እየወረደ ያዘው፤ አልለቀቀውም።

«ነይ» አላት እናቴን። «እዪ፣ ይዤዋለሁ። አይነካም።»

እናቴ በጨርቅ የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጣቶቿ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብለው አልተዘረጉም። ብዙ አየችው። በዕድሜዬ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀን አየኋት፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«በፊትም አይነካም ስትለኝ ነበር» አለችውና ወደ ውስጥ ገባች።

አባቴ አሸንዳውን እንደያዘ ዝናቡ ውስጥ ቀረ።